ለማይፈራው ሹፌር

የምትዘል ሚዳቋ የተሳለችበትን የመንገድ ምልክት አይቶ ነዳጅ ለሚጨምር ሹፌር እጅ ነስተናል። ምልክቱ ለፈሪ ነው የተተከለው። እሱ ግን ቶሎ ገብቶታል፦ የአራዊት መተላለፊያ ከሆነ ምን ያቆያል? ሽው ማለት ነው እንጂ!

ሰዓት ሲመርጥማ ተዉት። ሚዳቋውም ከርከሮውም ለምግብና ለውሃ የሚወጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅና ጎህ ሲቀድ ነው። እሱም የሚቸኩለው ያኔ ነው። የተቀጣጠሩ ነው የሚመስሉት።

ሒሳብ አያስጨንቀውም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ1 ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ቢያንስ 1 ሰከንድ ይሄዳል። 28ቱ ሜትር አለቀ፤ መኪናው ግን ገና ፍጥነት መቀነስ አልጀመረም። የመኪናው አጭር መብራት ደግሞ በጨለማ ከ50 እና ከ60 ሜትር አልፎ ብዙም አያሳይም። እና ምን ይጠበስ? ሌላው ሰው ባየው ልክ ይነዳል፤ ጀግና ባላየው ልክ።

ደግነቱም አይረሳ። የተረፈ ምግቡን በመስኮት ይበትናል። ለአይጥ ብሎ ነው። አይጧን ፍለጋ ጉጉት ትመጣለች። ጉጉቷ ትገጫለች። የተገጨችውን ሊበላ ሌላው አውሬ ይመጣል። አንድ ልጣጭ ስንቱን እንግዳ ጠራ!

አንዷ ሚዳቋ ፊቱ ዘልላ ስታልፍ «ተረፍኩ» ይልና ጋዙን ይረግጠዋል። ከኋላዋ ልጇ፣ ከልጇ ኋላ ሌላዋ ልትከተል ትችላለች ብለው ቀስ የሚሉ አሉ። ሥራ ፈቶች። በመብራቱ ዓይኗ ፈዝዞ መሐል መንገድ ድርቅ ካለችም መፍትሔው በእጁ ነው፦ ረጅሙን መብራት ይለቅባታል። ሕጉን በመንጃ ፈቃድ ትምህርቷ ላይ ተምራዋለች መቼም።

የጥበቡ ጫፍ ግን መሪው ላይ ነው። «መስመርህን ሳትለቅ ፍሬን ያዝ» የሚሉትን ሰምቶ ያውቃል። እሱ እቴ! መሪውን ጥምዝዝ። ሚዳቋዋ ሄደች። እሱ ወደ ዛፉ ሄደ። ዛፍ ደግሞ ዘልሎ አያመልጥም። ቀበቶ? ሸሚዝ ያጨማድዳል እኮ።

ጋራዥ ስታገኙት ምን ገጠመህ በሉት። «ድንገት ገባችብኝ» ይላችኋል። ያቺው ምልክቱ ላይ ያለችው ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆማ ስትጠብቀው የኖረችው።