«ሴት ናት» ለማለት ምን አስቸኮለው?

ለዕረፍት ከውጭ አገር የመጣ ወጣት፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ታንኳዎቹ ከሚጠጉበት ፈቀቅ ብሎ፣ ከአንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ ከአንድ የባዮሎጂ መምህርና ከአንድ ዓሣ አስጋሪ ጋር ቡና እየተጠጣ ስልኩን አወጣ። በሚኖርበት አገር ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ የዘንዶ ዓይነት ያሳድጋል። እሱ እዚህ ሳለ እባቡን የሚጠብቅለት ጓደኛው ቪዲዮ ልኮለታል። ጓደኛው «ጾታውን ዛሬ እለየዋለሁ» እያለ ከጆሮ ኩክ ማውጫ ላይ ጥጡን ነቅሎ፣ በቀረው ቀጭን ፕላስቲክ የእባቡን ጅራት ሥር ሊጎረጉር ሲዘጋጅ ይታያል።

«አሁኑኑ ደውልና አስቁመው» አለች የእንስሳት ሐኪሟ። ወጣቱ ደወለ። ክርክሩ የተጀመረው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ ጅራቱን ማየት ይበቃል ባይ ነው። የወንድ እባብ ብልት ሁለት ነው፤ ሄሚፔኒስ ይባላሉ። በማይፈለጉበት ጊዜ እንደተገለበጠ የካልሲ ጣት ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከመውጫ ቀዳዳው ኋላ በጅራቱ ግራና ቀኝ ይተኛሉ። ስለዚህ የወንዱ ጅራት ከሥሩ ወፈር ብሎ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይረዝማል፤ የሴቷ ከቀዳዳው አለፍ እንዳለ ቶሎ ይሾላል፣ ያጥራልም። «በዚያ ላይ ፓይተን ነው» አለ መምህሩ፤ «ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ጥፍር የሚመስሉ ሁለት ጉጦች አሉት፤ የጥንት የኋላ እግር ቅሪት ናቸው። የወንዱ ተለቅ ይላሉ።»

ሐኪሟ አልተዋጠላትም። «ከምን ተለቅ ይላሉ? ጎን ለጎን የምታስተያየው እኩያ ከሌለህ ረዥም ወይም አጭር ማለት አትችልም። በአንዳንድ የእባብ ዓይነት ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል፤ በቦል ፓይተን ግን ጥቂት ነው። ጉጡም ይሰበራል፣ ይበላል፤ ትልቅ ጉጥ ያላት ሴትም አለች።»

ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱት ዓሣ አስጋሪ እስከዚህ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «እኛ ቆሮሶን ገልብጠን ነው የምናየው፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። እባቡስ ቢገለበጥ ምን አለበት፣ ልጄ?»

ጥያቄያቸው ቀላል ቢመስልም የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሐኪሟም በአክብሮት መለሰችላቸው። በቆሮሶ ሴቷ ዓሣ ለእንቁላሏ የተለየ መውጫ ስላላት ልዩነቱ በውጭ ይታያል። እባብ ግን ወንድም ሆነ ሴት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ኩሱም፣ ሽንቱም፣ እንቁላሉም በዚያው ይወጣል። «ስለዚህ ቢገለብጡትም የሚያዩት አንድ ነው፣ ጋሼ። ልዩነቱ ያለው በውስጥ፣ ከቀዳዳው ኋላ ወደ ጅራቱ በኩል ነው። ፕሮብ የሚባለው መለኪያ ዘንግ የተሠራውም ለዚህ ነው።»

ወጣቱ አቋረጣት። «እንግዲያው ጓደኛዬ ምን አጠፋ፣ ዶክተር? እሱም ይህንኑ ነው ሊያደርግ የነበረው።»

«ዘንጉን ሳይሆን ስለቱን ነው ያነሣው» አለችና ሥራውን ከሥር ከሥሩ ዘረዘረችለት። ፕሮብ ጫፉ እንደ ዶቃ የተድበለበለ፣ የማይዝግና ልሙጥ ብረት ነው። የተቆረጠ ፕላስቲክ ጫፉ ስለት ነው፤ የጅራቱ ውስጥ ሥጋ ደግሞ እንደ አፍ ውስጥ ቆዳ ስስ ነው። ቀጭን መሣሪያ ይሻላል የሚለውም ስሕተት ነው። ሥጋ የሚበሳው ቀጭኑ ስለሆነ፣ ሳይገፋ ሊገባ ከሚችለው ሁሉ ወፍራሙ ይመረጣል። እባቡ ከበላ ቢያንስ 2 ቀን ማለፍ አለበት፣ አለዚያ የዋጠውን ይመልሳል። ዓይኑ ደብዝዞ ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበ እባብም አይነካም።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንደኛው ገላውን ደግፎ ይይዛል፣ ሁለተኛው ጅራቱን ብቻ ወደ ላይ ይገለብጣል። ብረቱ ከተህዋስያን ይጸዳል፤ በአልኮል ከተጠረገ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፣ አልኮል ስሱን ሥጋ ያቃጥላልና። ከዚያ በውሃ የሚሟሟ የሕክምና ጄል ይቀባል። ቀዳዳውን የሸፈነውን ቅርፊት በቀስታ አንሥቶ፣ ዘንጉን ከመሐል ሳይሆን ከጎን በኩል፣ ጫፉን ወደ ጅራቱ አዙሮ፣ በጣቶች መካከል እያሾሩ ማስገባት ነው። ወደ ራስ አቅጣጫ የገባ ዘንግ ምንም አይናገርም፤ ጉዳት ብቻ ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት ሲሰማ እዚያው ይቆማል። በቀዳዳው ልክ ዘንጉ ላይ አውራ ጣት ይደረግና ይወጣል፤ ከዚያ በውጭ በኩል ጅራቱ ላይ ተጋድሞ ስንት የታችኛ ቅርፊት እንደሚሸፍን ይቆጠራል። በቦል ፓይተን ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቅርፊት ላይ ታቆማለች፤ ወንዱ 7ና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሌላ ዓይነት እባብ ሌላ ቁጥር አለው። ሌላኛው ጎንም ሳይለካ አይታመንም።

«5 ቢሆንስ?» አለ ወጣቱ።

«5 ከሆነ አላወቅህም ማለት ነው። ጽፈህ ትተወዋለህ።»

መምህሩ የሚታገሉት ለምን እንደሆነ አልገባውም። ገና ከእንቁላል በወጡት ላይ አርቢዎች የጅራቱን ሥር በአውራ ጣት ወደ ቀዳዳው ቀስ አድርገው ጫን ሲሉ የወንዱ ሁለት ብልቶች ቀይ ሆነው ብቅ ይላሉ፤ ዘንግም ብረትም አያስፈልግም። ሐኪሟ ይህን አልካደችም፤ ነገር ግን የሚሠራው ገና በተፈለፈሉት ላይ ነው። ባደገ እባብ ላይ የጅራቱ ጡንቻ ስለሚበረታ የሚገፋው ጣት አጥንቱንና ብልቱን ይጎዳል። ብልቱ ወጥቶ አልመለስ ካለ ደግሞ እንዳይደርቅ በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) በረጠበ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ ሸፍኖ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው፤ በጣት መልሶ መጎርጎር አይገባም።

«በሁለቱም ብትሉ አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ አስጋሪው። «ያንን ብልት ካያችሁት ወንድ ነው፤ ይሁን። ካላያችሁት ግን ሴት ናት የምትሉት በምን ማስረጃ ነው? መረቤ ባዶ ወጣ ማለት ጣና ዓሣ የለውም ማለት ነው?»

መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ሐኪሟ ግን «ጋሼ ነገሩን ያዙት» አለች። የፈራ ወንድ የጅራቱን ጡንቻ ይጨብጣል፤ ዘንጉም አጭር ቦታ ላይ ይቆማል፣ በጣት ሲጫኑትም ምንም አይወጣም። በሁለቱም መንገድ ወንዱ «ሴት» ተብሎ ይመዘገባል። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ እንቅፋቱን ከማክበር ይልቅ የገፋ ሰው የሴቷን ሥጋ በስቶ ያልፍና «9 ገባ፣ ወንድ ነው» ይላል። ስሕተቱን የሚነግረው በኋላ የሚያብጠው ጅራት ነው። ወንዱ ከተበሳ ደግሞ ጠባሳው የማራባት አቅሙን ሊያሳጣው ይችላል። መምህሩም እዚህ ላይ አገዛት። በሴቷም በኩል ያ ቦታ ባዶ አይደለም፤ የሴት እባብ ቂንጥር በነርቭ የተሞላ አካል መሆኑ በ2022 እ.ኤ.አ. በምርምር ተገልጿል። ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ ችላ ይባል ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምህሩ ከጅራት ክርክሩ የተሻለ ሐሳብ ያመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የጣለውን ቆዳ መላክ። እባብ ቆዳውን በየጊዜው ይጥላል፣ በቆዳውም ውስጥ የዘር ቅንጣት (ዲ ኤን ኤ) ይቀራል። የእባብ ጾታ እንደ አዞ በእንቁላሉ ሙቀት አይወሰንም፣ በክሮሞሶም ነው። ለረጅም ጊዜ እባቦች ሁሉ እንደ ዶሮ፣ ሁለት ዓይነት ክሮሞሶም የምትይዘው ሴቷ እንደሆነች ይታሰብ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የቦል ፓይተን ዘመድ የሆነው የበርማ ፓይተንና ቦአ የሚባለው ሌላ እባብ እንደ ሰው መሆናቸው፣ ማለትም የሚለያየውን የያዘው ወንዱ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ለእፉኝት የተሠራ ምርመራ ለፓይተን አይሆንም፤ ቤተ ሙከራው ለዚያው ዓይነት የሚሆን ምርመራ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቃል።

ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ቆዳው እርጥብ ሆኖ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። በጥላ ደርቆ በወረቀት ፖስታ ይገባል። ሁለት እባብ ባደረበት ሣጥን ውስጥ የተገኘ ቆዳ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ አይላክም።

ክርክራቸውን ስሰማ የአስጋሪው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ሆኖብኛል። የፕሮብም የጣትም ውጤት እኩል ሚዛን የለውም፤ «ወንድ» የሚለው በዓይን ከታየ ይታመናል፣ «ሴት» የሚለው ግን ያልተገኘ ነገር ስም ነው። በብዙ አርቢ ቤት ለዓመታት እንቁላል የሚጠበቅባት «ሴት» ወንድ ሆና የምትገኘው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በመምህሩ የጅራት ሐሳብ አልስማማም፤ እኩያ በሌለበት ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እውነት ይመስላል። ሐኪሟ ስለ ፕሮብ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ያም ሆኖ ልክ የሚሆነው በእሷ እጅ ነው፤ እጁ ያልለመደ ሰው ዝርዝሩን ቢያጠናውም እንቅፋት ምን እንደሚመስል ጣቱ አያውቅም።

ወጣቱ ጾታውን የፈለገው ከሌላ ሰው እባብ ጋር ለማራባት ነው። ጥያቄው ይገባዋል፤ ሁለት ወንድ አንድ ሣጥን ውስጥ ቢገናኙ ሊጣሉ ይችላሉና። ሆኖም ብዙ አርቢዎች ሴቷን ወደ 1500 ግራም ሳትደርስ አያገናኙም፤ የእሱ እባብ 600 ግራም ነው። የሚያጣድፍ ነገር የለም ማለት ነው። ለጓደኛው እንዲህ ብሎ ቢጽፍለት ደስ ይለኛል፤ ሣጥኑን አጽዳ፣ ውሃውን ለውጥ፣ ዓይኑ ሲደበዝዝ አትንካው፣ ቆዳውን ሲጥል አድርቀህ ፖስታ ውስጥ ክተትና ቀኑን ጻፍበት። መዝገቡ ላይ ከጾታው ፊት ለፊት እስከዚያ ድረስ «አልታወቀም» ተብሎ ይቆይ።

በዚህ በኩል ደግሞ፣ ቪዲዮውን አይተው በደንገሉ ውስጥ ያለውን የእኛን ትልቅ ዘንዶ ለመሞከር የሚያስቡ ካሉ፣ ያ የዱር እንስሳ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ ንክሻውም ሥጋ ይቀዳል። መርዝ ባለው እባብ ላይ ደግሞ ከተነገረው ውስጥ አንዱም አይሞከርም።