ለክቡር አቶ «ፈላጊ የለም»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጤናዎን መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? መጠየቄ ለወጉ ነው እንጂ እርስዎ እንደማይታመሙ አውቃለሁ። በመኪና አምራቾች አዳራሽ ይህን ሁሉ ዘመን ሲመላለሱ አንድ ቀን አልጋ አልያዙም። መሐንዲሱ ቤንዚን የማይጠጣ ሞተር ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቀድመው ይቆማሉ። ጋዜጠኛ ሲጠይቅ መልሱ እርስዎ ነዎት። እኔ ተራው ገዢ መሸጫ ገብቼ «የኤሌክትሪኩስ የታለ?» ስል፣ ሻጩ አፉን ሳይከፍት ከጀርባው ብቅ ይላሉ።

«ፈላጊ የለም።»

እኔ እኮ ፊትዎ ቆሜ ነው የጠየቅኩት።

ሙያዎን ግን አደንቃለሁ። ሌላው ነጋዴ ዕቃውን አውጥቶ፣ ዘርግቶ ውሎ፣ አልሸጥ ሲለው ነው ፈላጊ ጠፋ የሚለው። እርስዎ ዕቃው ሳይሠራ ፍርዱን ያውቁታል።

በኢቪ ዋን ጊዜ የሠሩት ሥራማ አይረሳም። የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ደንብ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ትልልቆቹ አምራቾች በ1998 ከሚያቀርቧቸው መኪኖች 2 ከመቶው ጭስ አልባ ይሁን፣ በ2003 ደግሞ 10 ከመቶ ይድረስ አለ። ጄኔራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ ዋን የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ብቅ አለ። በዚያው ዓመት ደንቡ ላላና የ1998ቱ ግዴታ ተሰረዘ።

አሁን ብልሃትዎን ይመልከቱልኝ። መኪናዋ አትሸጥም፣ በኪራይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ የቀረበችው በካሊፎርኒያና በአሪዞና ብቻ ነው። በጠቅላላ የተሠራችው 1,117 ነች። ከዚያ ኩባንያው በ4 ዓመት የተከራየው 800 ያህል ብቻ ነው ብሎ አዘነ፣ እርስዎም አጠገቡ ቆመው አብረው አለቀሱ። የማይሸጥ ነገር ሳይሸጥ ቀረ፤ ያስለቅሳል በእውነት።

ቀጥሎ መኪኖቹ ከተከራዮቹ እጅ ተሰበሰቡ። በ2005 መጀመሪያ በርባንክ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ 78ቱ በአንድ ግቢ ቆመው ነበር። ሰዎች አጥሩ ሥር ተራ ገብተው ቀንና ሌሊት ጠበቁ። እያንዳንዷን በ24 ሺህ ዶላር፣ ሁሉንም በ1.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንግዛ አሉ። እምቢ ተባሉ። ከኢቪ ዋኖቹ አብዛኞቹ ተጨፈለቁ፣ ጥቂቶቹ እንዳይነዱ ተደርገው ለሙዚየምና ለዩኒቨርሲቲ ታደሉ።

እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ? ገንዘቡን ይዞ አጥር ሥር ያደረውን ሰው ምን ብለው ጠሩት? መንገደኛ?

ኩባንያው መለዋወጫ ያልቃል ብሎ ነበር። ይሁን፣ ከንቱ ምክንያት ነው አልልም። መለዋወጫ ማለቁና ፈላጊ ማጣቱ ግን ለየቅል ናቸው። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ይላል ያገራችን ሰው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ ያው ኩባንያ ሀመር ኤች 2 የተባለውን ግዙፍ መኪና ገበያ አወጣ። በ2003 የአሜሪካ የግብር ሕግ ለሥራዬ ብሎ ከባድ መኪና ለገዛ ነጋዴ እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደለት። ፈላጊ ወዲያው ተገኘ። ለካ ፈላጊም ይፈበረካል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እርስዎ ድምፅዎ የጠፋበት ስብሰባ ነው። በ1988 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ቤንዚንም ኢታኖልም (ለነዳጅነት የሚውል አልኮል) የሚወስድ መኪና ለሠራ አምራች በነዳጅ ቁጠባ መመዘኛው ላይ ጉርሻ ነጥብ ሰጠ። ነጥቧ ጠቃሚ ነች። ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጡትን ግዙፍ መኪኖች ያለ ቅጣት ለመሸጥ ትረዳለች። ስለዚህ እነዚህ መኪኖች በሚሊዮኖች ተሠሩ። ማን ጠየቀ? ማንም። ብዙው ባለቤት መኪናው ኢታኖል እንደሚወስድ እንኳ ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ሲቀዳ ኖረ። ኢታኖሉ የሚቀዳበት ማደያም ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም ነበር። ክቡር ሆይ፣ ፈላጊ የሌለው ዕቃ ማለት ይሄ ነበር! ትንፍሽ አላሉም። ያን ቀን እንኳ ታመው ነበር ልበል?

እውነት የተናገሩበት ጊዜ የለም አልልም። በብራዚል በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ በአልኮል የሚነዱ ነበሩ። በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ አልኮሉ ከማደያ ሲጠፋ ገዢው ሸሸ፣ መኪናዎቹንም ማንም ዞር ብሎ አላያቸው አለ። እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ነገር ግን በ2003 ቤንዚንና አልኮልን በፈለጉት መጠን ቀላቅሎ የሚሄደው ፎልክስቫገን ጎል ሲመጣ ያ የሸሸ ገዢ ተመለሰ። ሰውየው የጠላው አልኮሉን አልነበረም። ማደያ ደጃፍ መታገትን ነበር የጠላው።

ገዢውም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ ይህን ለእርስዎ ላስመዝግብልዎ። ቤንዚን ሲወደድ ስለ ቁጠባ ይሰብካል፣ ሲረክስ ትልቁን መኪና ያስነሳል። ደግሞ በሃይድሮጂን ጋዝ የሚሄደውን መኪና አይቶ «የት ልቀዳ?» ቢል አይፈረድበትም። ማደያ ከፋቹ መኪና ይጠብቃል፣ አምራቹ ማደያ ይጠብቃል፣ እርስዎም መሐል ላይ ወንበር ይዘው ሻይዎን ይጠጣሉ።

በ2016 ቴስላ ሞዴል 3ን አሳየ። ገና ያልተመረተ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በአንድ ሳምንት 325 ሺህ ያህል ቀብድ ገባ፣ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር። ነዳጅ ሸጣ የከበረችው ኖርዌይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናን ለዓመታት ከግብር ነፃ አድርጋ ቆይታ፣ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖቿ ወደ 89 ከመቶ የሚሆኑት ኤሌክትሪክ ሆኑ። ለመሆኑ እዚያ አገር ሥራ ፈተው ነው የሚውሉት ወይስ ጡረታ ወጡ?

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ከዕቃው ኋላ ይምጡ። መኪናው ማሳያው ላይ ይቁም፣ ዋጋው ይለጠፍ፣ ሻጩም ስለ ባትሪው ስጠይቀው ወደ ናፍጣው አይጎትተኝ። ያኔም የሚገዛ ከጠፋ እኔው ራሴ ወንበር አምጥቼ አስቀምጥዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሌለው ፈላጊ

ግልባጭ፦
ለአቶ «ጊዜው ገና ነው»
ለወይዘሮ «ማደያው የት አለ»
ለአቶ «ቀጣዩ ሞዴል ላይ እናያለን» (አድራሻቸው በየዓመቱ ስለሚቀየር በእጅ የሚሰጥ)