ሦስት ዕጣ በ5 ዩሮ

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ቡናዬን እንኳ ፉት አላልኩም። የሰፈራችን የሀርሊንግ ክለብ ሽማግሌ ናቸው፤ የዕጣ ካርኒያቸውን ይዘው። ሦስት ዕጣ በ5 ዩሮ። አየርላንድ ከመጣሁ ጀምሮ ስቆርጥላቸው አለሁ፣ አንድ ቀን ወጥቶልኝ አያውቅም። እምቢ እንዳልል ልጄን የሚያሰለጥኑት እሳቸው ናቸው። ያውም በነጻ! ነጻ ነገር እንዴት ውድ እንደሆነ እዚህ ነው የገባኝ።

ሀርሊንግን ለማታውቁ፣ የእኛን የገና ጨዋታ በሉት፤ የእነሱ ኳስ ግን አየር ላይ ነው የምትውለው። በየወገኑ 15 ሰው፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ዱላ፣ ከቴኒስ ኳስ ትንሽ የምትበልጥ ቆዳ የለበሰች ኳስ። ጎል 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1። ስለዚህ 2-15 (2 ጎል፣ 15 ነጥብ) ከ1-18 ጋር እኩል ነው። ለአጎቴ በስልክ ባስረዳው «ሂሳብ ነው ጨዋታ?» አለኝ።

ገና ካነሳን አይቀር፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት ነፍሴ ነው የሚወደው። ግን የእድራችን ዳኛ ልጅ ቅልጥሜን በዱላ ብሎኝ ሳነክስ እናቱ ይህንኑ ተረተችብኝ። እኔ የማን ጌታ ነኝ? ተረቱ የመከረው ጌታውን ነው፤ የደሃ ልጅ ሲመታ ዝም ይበል ያለ የለም። 30 ዓመት አልፎት ብርድ ሲሆን ዛሬም ይጠዘጥዘኛል። ይቅርታ? ወይ ፍንክች! የሀርሊንግ ሰዎችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሄልሜት ግዴታ አድርገዋል፣ ቅልጥም ግን ራሱን ይጠብቅ ብለው ትተውታል።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ዕጣው። ሀርሊንግን የሚመራው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 ተርለስ በምትባል የአየርላንድ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ፤ ይኸው እስከዛሬ ለተጫዋች ደመወዝ የለም። የማኅበሩ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ 82,300 ሰው ይይዛል። እዚያ ሙሉ ስታዲየም ሲጮህለት የዋለው ልጅ ሰኞ ሥራው ገብቶ ፊርማ ይፈርማል። እሺ፣ ክብር ነው። ግን ያን ሁሉ ተመልካች የሚያስገባ ማኅበር የእኔን 5 ዩሮ በየሳምንቱ በር ድረስ መጥቶ የሚለቅመው ምን ጎድሎበት ነው? ሜዳው ሣር፣ መብራት፣ ዱላ ይፈልጋል ይሉኛል። ዱላውስ እውነት ነው። የሚጠረበው አሽ ከሚባል ዛፍ ነው፣ ዛፉን ደግሞ በሽታ እየፈጀው ነው፣ የተረፈውን ልጄ እየሰበረው ነው።

ለማንኛውም ቆረጥኩ። ሽማግሌው ስሜን ካርኒው ላይ ሲጽፉ እንደልማዳቸው ሁለት ፊደል ዋጡት። ቢወጣልኝ እንኳ በየትኛው መታወቂያ ልቀበል ነው?