የሚቀረጸው ደረቁ እንጨት ነው

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ በተካሄደ አንድ የሥልጠና ዕቅድ ውይይት ላይ፣ ለጎልማሶች ታስቦ የነበረው የቅዳሜና እሑድ የቅርጻ ቅርጽ ሥልጠና ከዕቅዱ የወጣው ለምን እንደ ሆነ የተጠየቁ ኃላፊ «ይህ ሙያ በልጅነት ካልተያዘ አይሆንም፤ እንጨት የሚቃናው በርጥቡ ነው» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ፤ ያጨበጨቡም ነበሩ። እኔ ግን ተናደድሁ፤ የተጠየቁት ምክንያት ሆኖ ሳለ ተረት መለሱ፣ ተረቱም ቢሆን መሮ ጨብጦ ከማያውቅ ሰው የወጣ ለመሆኑ ራሱ ይመሰክር ነበር።

እስቲ እርሳቸው በመረጡት እንጨት እንነጋገር። በርጥቡ የሚቃናው እንጨት ለማገርና ለአጥር ይሆናል። ከዋንዛ ወይም ከወይራ ግንድ ምስል ሊያወጣ ያሰበ ሰው ግን አስቀድሞ ማድረቅ አለበት፤ ግንዱን በጥላ ሥር ለወራት፣ ወፍራም ከሆነም ከዓመት በላይ ያቆየዋል፤ ውኃው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ተቻኩሎ እንዳይወጣም ጫፎቹን በሰም ወይም በቀለም ይደፍናቸዋል። ይህን ሳያደርግ በርጥቡ የቀረጸው ፊት ሲደርቅ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይሰነጠቅበታል። እንግዲህ ተረቱ ወደ ሙያው ሲገባ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ መሮ የሚያርፍበት የደረቀው፣ ዕድሜ የጠገበው ነው። ኃላፊው ይህን ሳያውቁ መናገራቸው አይገርመኝም፤ የገረመኝ ሳያውቁ ዕቅድ መሰረዛቸው ነው።

ደግሞስ የእኛ አገር ጎልማሳ እጅ ምን ዓይነት እጅ እንደ ሆነ አይተውት ያውቃሉን? ቅርጻ ቅርጽ ከጥንት ጀምሮ በሦስት መንገድ ይሠራል፤ በመቀነስ፣ በመጨመርና ቀልጦ ወይም ተበጥብጦ የተዘጋጀውን ነገር ወደ ፎርማ በማፍሰስ። በመቀነስ የሚሠራው ሰው በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ ኮብልስቶን የሚጠርበው ጎልማሳ ነው፤ ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚከፈል በዓይኑ ይለያል፣ ውስጡ የተሰወረ ስንጥቅ ካለም በመዶሻው ድምፅ ብቻ ያውቀዋል። በመጨመር የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ያለ ማሽከርከሪያ፣ በመዳፍዋ ብቻ የጀበናን ሆድ አክብባ ታወጣለች፣ እሳት ላይ እንዳይፈነዳም ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል ትቀላቅላለች፤ ይህንኑ ዘዴ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የሸክላ ቀራጺዎች ይጠቀሙበታል። በማፍሰስ የሚሠራው ደግሞ በአዳዲስ ቤቶች ኮርኒስ ላይ አበባና ዘለላ የሚያወጣው የጄሶ ሠራተኛ ነው፤ ጄሶው ውኃ ከነካው በኋላ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች በእጁ ሙቀት ይቆጥራል፣ ፎርማውን ምን ቢቀባው እንደሚለቅ ያውቃል። የጥበብ ተማሪ ጥቂት የማይባል ጊዜ የሚፈጅበትን የቁስ ጠባይ እነዚህ ሰዎች በእንጀራ ፍለጋ ተምረውት ጨርሰዋል። የጎደላቸው ንድፍ፣ የሰውነት አካላት ምጥጥን፣ ጭቃውን ከውስጥ የሚሸከም የሽቦ አጽም አሠራርና ሥራቸውን እየዞረ የሚነቅፍላቸው መምህር ነው። ይህ ደግሞ ልጅነትን አይጠይቅም፤ ቅዳሜን ይጠይቃል።

የጄሶ ሠራተኛ ቀራጺ መሆኑ ቀልድ የሚመስለው ካለ ፈረንሳዊውን ቀራጺ ኦጉስት ሮዳንን ያስታውስ። ሮዳን በፓሪሱ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቆ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ለሕንፃዎች ጌጥ እየሠራ የኖረ ሰው ነው። ስሙን ያስጠራው ሥራው ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1877፣ በ36 ዓመቱ ሲሆን፣ ተቺዎቹም ከሕያው ሰው ገላ ላይ በቀጥታ ፎርማ አንሥቷል ብለው እስከ መክሰስ ደርሰው ነበር። በእኛ የዕቅድ ሠንጠረዥ ሮዳን ዕድሜው ያለፈበት አመልካች ነው።

ሁለተኛው መልስ «ፈላጊ የለም» የሚል ነበር። ማስታወቂያው የት ተለጠፈና? እኔ ራሴ ዐምና፣ አርባዎቹን ከተሻገርሁ በኋላ፣ ስለዚሁ ሥልጠና ልጠይቅ ወደ አንድ ተቋም ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ በትሕትና «ለስንተኛው ልጅዎ ነው?» አለችኝ። ለራሴ ነው ስላት መዝገቡን ዘጋችው። ፈላጊ እንደዚህ እየተመለሰ፣ ኋላ ላይ የለም ተብሎ ይመዘገባል።

«አዲስ አበባ ሄዳችሁ ተማሩ» የሚሉም አልጠፉም። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ቀራጺዎችን ያፈራ ነው፤ ነገር ግን በዋናነት ፈተና አልፈው ለዓመታት ለሚቀመጡ የዲግሪ ተማሪዎች እንጂ ሰኞ ሥራ ለሚገባ የቤተሰብ ኃላፊ የቆመ አይደለም። ከዚያ የሚተርፈው በወሬ በወሬ የሚገኝ፣ አንድ ቀራጺ በግል ስቱዲዮው ለጥቂት ሰዎች የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ለእርሱም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ላምበረት መውረድ፣ ማምሻውን ደግሞ መመለስ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ እንደምናውቀው ነው።

ስለ በጀት የተነገረውን ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር። ለመለማመጃ የሚሆን ጭቃ ተሠርቶ ይፈርሳል፣ ተረግጦ እንደገና ይሠራበታል፤ ያው ጭቃ በላስቲክ ተሸፍኖ ርጥበቱ ከተጠበቀለት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ሽቦ፣ ጣውላና ጥቂት ከረጢት ጄሶ ከአንድ የስብሰባ ቀን የሻይና የውኃ ወጪ ይበልጣሉ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ። አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ውርጭ ያገኘው ርጥብ ጭቃ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ስለሚያብጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በሩ የሚገጥም ክፍል ያስፈልጋል። ይህን ችግር ግን በስብሰባው ላይ ያነሣው ሰው አልነበረም፤ ለማንሣት ጭቃ ማወቅን ይጠይቃልና።

የቀራጺ ገበያ እንደ ብሎኬት አምራች ገበያ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ሆኖም ነገ አንድ ወረዳ ለአደባባዩ ሐውልት ላቁም ቢል ወዴት ይደውላል? ወደ አዲስ አበባ። የእኛ ሰው በዚያ ሥራ ላይ የሚኖረው ድርሻ አሸዋ ማቅረብ ይሆናል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ የኖራ ድንጋይ አለን፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ሲሚንቶ እየፈጨው ነው፤ ይህም መልካም ነው፣ ግን ለስላሳ ለመሮ የሚመች ድንጋይ በደጃችን እያለ አንዲት ቁራጭ እንኳ ለመማሪያ አልደረሰችም።

ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬ በአደባባይ የሚሳደብ የለም፤ በሠንጠረዥ ላይ መስመር ሰርዞ፣ ተረት ተርቶ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል።

ለኃላፊው የምለው አጭር ነው። ያ ስብሰባ የተካሄደበት አዳራሽ ጎን ያለው፣ በሩ የሚገጥመው ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉን ይስጡን፤ ጭቃውን እኛው እናመጣለን።