«ቤተሰብ ውስጥ የሚያስል አለ?»

ባለፈው ወር ጎረቤቴን ይዤ ካዛንቺስ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ኤርትራዊት ስደተኛ ናት። የአራት ዓመት ልጇ ሳሉ ከሰነበተ ቆይቷል፤ ኪሎውም አልጨምር ብሏል።

ቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) ተጠርጥሮ ነርሷ ትንሽ ዕቃ ሰጠችው። «ማሙሽ፣ ሳል አድርግና አክታህን እዚህ ትፍ በል።» ሳለ። ከዚያ ዋጥ አደረገው። ድጋሚ ሲባል ምራቁን ተፋ።

ልጆች እንዲህ ናቸው፣ አክታቸውን ይውጣሉ። ቢተፉት እንኳ በውስጡ ያለው የቲቢ ባክቴሪያ ከአዋቂው ስለሚያንስ ምርመራው ሊስተው ይችላል። ሪፈር ተጻፈልን። ሆስፒታል ለቆዳ ምርመራ ክንዱ ላይ ተወጋ። «እናቱ፣ ከነገ ወዲያ አምጪው።» ይህ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ከነገ ወዲያ ግን እሷ የሰው ልብስ የምታጥብበት ቀን ነው። ቀረች። መርፌው ባከነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የልጆች ቲቢ መመሪያ የልጆችን ሰገራ የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ በሚለየው መሣሪያ፣ በጂን ኤክስፐርት፣ መመርመርን ተቀብሏል። (ሰገራም በትዕዛዝ አይመጣም፤ ግን ጠዋት ከቤት ይዞ መምጣት ይቻላል።) ቲቢ የለም የሚል ውጤት ልጁን ነጻ ባያደርገውም፣ ለስደተኛ ልጅ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው እላለሁ። የቀጠሮው ብዛት ነው የሚጥለን።

ከቀጠሮው በላይ ያናደደኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። «ቤተሰብ ውስጥ የሚያስል አለ?» ተብላ ስትጠየቅ «የለም» አለች። አልዋሸችም። ቤት ስንመለስ ነው የገባኝ። አንዲቷን ክፍል ለአምስት ነው የተከራዩት፤ በመጋረጃ ከፍለው። ከመጋረጃው ወዲያ የሚተኛው ደባል ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያድራል። ደባል ቤተሰብ አይደለማ! ትንሽ ልጅ ደግሞ ቲቢ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ከሚያድር አዋቂ ነው። «አብሯችሁ የሚያድር ማነው?» ቢባል ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ትናገር ነበር።

ወይም አትናገርም ይሆናል። «ቲቢ ከተባለ ፕሮሰሱ ይቆምብናል» ብላኛለች በሹክሹክታ። ፕሮሰስ የምትለው የሦስተኛ አገር ጉዳዩን ነው፤ ከዚህ ወደ ሌላ አገር ሄደው የሚሰፍሩበትን። ሕክምናው ጉዞን ሊያዘገይ ይችላል፣ በዚያ ብቻ ግን አይቀርም። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ይህን ግን ሪፈር ሲጽፉላት ማንም አልነገራትም።

ደባሉን ሄደህ ተመርመር አልነው። እሺ ብሏል። ቀን ቀን ሥራ ስለሆነ ግን እስካሁን አልሄደም።