«ለቆራሌው ስጪው» አለኝ

ደሜ ፈልቷል። ዛሬውኑ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያን ጥቁር ዴስክቶፕ ታውቁታላችሁ አይደል? ለሰው እየጻፍኩ በምተዳደርበት ጽሕፈት ቤቴ፣ በሩ ፊት ለፊት ያለውን። ሰሞኑን ለመነሳት እየተቸገረ ነበር። ጠዋት አብርቼው፣ ቤቱን ጠርጌ፣ ወረቀቱን ደርድሬ ስጨርስ ነው የሚከፈተው። ደንበኛ ቆሞ «አልደረሰም እንዴ?» ይለኛል። ችግሩን አውቀዋለሁ። ውስጡ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደክሟል። በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ፣ ቢቀየርና 4 ጂቢ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማህደረ ትውስታ) ቢጨመርለት ገና ስንት ዓመት ይሠራል። ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምናገረው። ሌላኛውን ማሽን አምና እንደዚሁ አስደርጌው፣ ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ያን የሠራልኝ ልጅ ግን አዲስ አበባ ገባ።

እና ወደ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ተሸክሜ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ልጁ ሰላም እንኳ አላለኝም። በእግሩ ገፋ አደረገው። በእግሩ! ብሎን አልፈታ፣ ገመድ አልሰካ።

«ስንተኛ ትውልድ ነው?» የማሽኑን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ማለቱ ነው።

«ኮር አይ ፋይቭ፣ ሁለተኛ ትውልድ።»

«ኡ! ሁለተኛ? እናት፣ ይሄን ለቆራሌው ስጪው።»

«ሃርድ ዲስኩን ቀይርልኝ ነው ያልኩህ።»

«ለሱ የምታወጪው ብር ያሳዝናል።»

«ብሩ የኔ ነው።»

«ጊዜውም የኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጽሕፈት አልኩት። «ለጽሕፈትማ ታይፕራይተር ግዢ!»

ወንበር ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች ሳቁ። አንዱ ጉልበቱን እየመታ ነው የሳቀው። እኔ ያን ማሽን ታቅፌ ወጣሁ። እስከ ባጃጁ ድረስ አንድም ሰው እጁን አልዘረጋልኝም።

እስኪ ስሙኝ። በዚያ ኮምፒውተር የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ስንት ልጆች ከዩኒቨርሲቲው ተመርቀዋል። የቤት ኪራይ ውል፣ የጋብቻ ውል፣ ክስ፣ ይግባኝ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም በሱ አልፏል። ልጆቼም ደብተር የተገዛላቸው ከሱ በተገኘ ብር ነው። በእግር የሚገፋ ዕቃ አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ፊደል ነበረው። በዚያ የተጻፈ ሰነድ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ ማን ዘንድ ይመጣሉ? እኔ ዘንድ! ባለ አዲስ ላፕቶፖቹ ቢሮዎች ናቸው «እሷ ጋ ይከፈታል» ብለው ሰው የሚልኩት። የድሮው ፊደል ተጭኖ ያለው እዚያ «ለቆራሌው» በተባለው ማሽን ላይ ነው።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ፣ ከቫይረስ የሚጠብቀው ዝመና ማለት ነው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። እሺ፣ ወደ 11 እንሂድ ስንል ደግሞ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ያለው መሆን አለበት ተባልን። የኔ ማሽን 4 ጂቢ ራም አለው። ለ11 የተጠየቀው ዝቅተኛው ራምም 4 ነው። ጉልበት አነሰው ተብሎ ሳይሆን በትውልዱ ነው የሚባረረው። ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ጽሕፈት ቤት ማለት ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ቤት ነው። ሾርትከት ቫይረስ፣ ያ ፋይሉን የሚደብቀው፣ ያልያዘ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ፈጣሪ ይባርከው።

«አዲስ ግዢ» ይሉኛል። በምን ብር? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ የሚገዛው በዶላር፣ እኔ የምሠራው በገጽ። ስንት ገጽ ብጽፍ ነው አዲስ የምገዛው? ቶነሩም እኮ ተወደደ። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። አሁን እንኳ ስጽፍ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለ።

አንድ የኮምፒውተር ሥልጠናም ትዝ አለኝ። እህቴ ልጇን ልታስመዘግብ ሄዳ «8 ጂቢ ራም የሌለው አይመዝገብ» ብለው መለሷት። ትምህርቱ ምን መሰላችሁ? ኤክሴል! ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኤክሴል እኮ እኔ 2 ጂቢ ባለው ማሽን ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው።

ከሱ የባሰውንም አይቻለሁ። አንድ ገጠር ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ላደርስ ሄጄ ስቶሩን ከፈቱልኝ። በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፣ አቧራው ጣት ያሰምጣል። ለምን አይሠሩም? «ኦልድ ሞዴል ናቸው።» በዚያው ግቢ መምህሩ ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስተምራል! ልጆቹ የተሳለ ቁልፍ በአየር ላይ ይጫናሉ። አለቀስኩ።

መፍትሔው እኮ ሰማይ ላይ አይደለም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት የሚባለው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚሉት ቀለል ያለ ገጽታ ያለው ዓይነት፣ ዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጂቢ ራም ነው። በነጻ ይወርዳል፣ ዝመናም ያገኛል። አማርኛም ይጻፍበታል። ጠጋኙ ይሄን ያውቃል፣ ወይም ማወቅ ነበረበት። ግን ብሎን ፈትቶ ከሚያገኘው ይልቅ ዩዝድ ላፕቶፕ ሸጦ የሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ድሃው ላይ ይሳቃል። በሙያው የተመረቀ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ከፍቶ ያያል እንጂ ባለቤቱን ከእግር እስከ ራሷ አያይም!

ደከመኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ባሕር ዳር፣ ዲዲአር 3 የዴስክቶፕ ራም ባለ 4 ጂቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኤስኤስዲውን ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣለሁ። ብሎኑን ራሴ እፈታዋለሁ። «አዲስ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር» ልትሉኝ ያሰባችሁ ግን ዛሬ እባካችሁ እለፉኝ።