ልጁን የምናጣው መንገድ ላይ ነው

ካንሰር ያለበት ልጅ ይዞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደረሰ ቤተሰብ ሐኪሙን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይድናል ወይ?» ብሎ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ኮሪደር ላይ አጠገቡ ለተቀመጠው ሌላ አስታማሚ ነው፤ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይለዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬ ተስፋ ያለው መልስ አለ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር፣ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው፣ በበለጸጉት አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ የሚድኑበት በሽታ ሆኗል። የሚያድኑትም መድኃኒቶች በአብዛኛው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ተገቢውን መልስ በጊዜው አያገኝም። ብዙ ልጆች የሚያልፉትም በዚህ ሳቢያ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያው ነው። ልጁ ይገረጣል፣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ «እግሬን» እያለ ያነክሳል፣ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል፣ ይነስረዋል። ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ሌላ በሽታ ይመስላሉ፤ ግርጣቱ ደም ማነስ ተብሎ የአይረን ሽሮፕ ይታዘዝለታል፣ ትኩሳቱ ወባ ወይም ታይፎይድ ይባላል። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ግን ሙሉ የደም ምርመራ፣ በተለምዶ ሲቢሲ የምንለው፣ ሊዘገይ አይገባም። ሄሞግሎቢኑና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት አብረው ወርደው ነጭ የደም ሴሉ ከልክ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሪፈሩ በዚያው ቀን መጻፍ አለበት። ብዙ ክሊኒኮች ልብ የማይሉት አንድ ነገርም አለ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተሰጠው ልጅ ለጊዜው ይሻለዋል፤ የካንሰር ሴሎቹም ይሸሸጋሉ። ከዚያ በኋላ ለምርመራ የሚወሰደው የአጥንት መቅኔ ናሙና ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። መንስኤው ላልታወቀ የአጥንት ሕመም እነዚህን መድኃኒቶች አለመስጠት ራሱ ሕይወት ማትረፍ ነው።

በሽታው ታውቆ ሕክምናው ሲጀመር የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን በደም ሥር፣ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን በአፍ፣ አስፓራጊኔዝ በመርፌ፣ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ከወገብ በኩል ወደ አከርካሪው ፈሳሽ ይሰጣል። ቪንክሪስቲን ከደም ሥር ውጭ ካፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ልጁ «አመመኝ» ካለ መስጠቱ ወዲያው መቆም አለበት። ሆድ ያደርቃል፣ አንዳንዱን ልጅ መንጋጋውን ያመዋል፣ እግሩንም አንስቶ ለመራመድ ይቸግረዋል። ይህ አስቀድሞ ከተነገራት እናት አትደነግጥም። ካልተነገራት ግን መድኃኒቱ ልጇን ሽባ ያደረገው ይመስላታል።

ቤተሰቡን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ፕሬድኒሶሎን ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ልጁ መብላት ይጀምራል። እንደ ድሮው አይደለም አበላሉ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እናቱን ቀስቅሶ እንጀራ ይለምናል፣ የአጎራባቹን አልጋ ልጅ ምግብ ያያል። ጉንጩ ይሞላል። ወር ለሚጠጋ ጊዜ ውሃ እንኳን አልወርድለት ያለ ልጅ ሲበላ ያየች እናት ልጇ ዳነ ብትል ማን ይፈርድባታል? በወሩ መጨረሻ መቅኔው ሲመረመርም በማይክሮስኮፕ የሚታይ ካንሰር አይገኝ ይሆናል። ሐኪሙ «በጣም ጥሩ ነው፣ በሽታው ጠፍቷል» ይላል። አባት ይህን ሲሰማ ወደ አገሩ መመለስ ያስባል።

እዚህ ላይ ነው ሐኪሙ ለቃሉ መጠንቀቅ ያለበት። በማይክሮስኮፕ አልታየም ማለት ገና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉ ማለት ነው። ቀጣዮቹ ወራት የሚያስፈልጉት እነዚያን ለማጥፋት ነው፤ ሕክምናው በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። በአምስተኛው ሳምንት ያቋረጠ ልጅ ባብዛኛው በሽታው ይመለስበታል፤ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞ የሠራለትን መድኃኒት የለመደ ሆኖ ነው። የሙያው ሰዎች ልጁ አራት ተከታታይ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ «ሕክምና አቋርጧል» ይላሉ። እኔ ግን ቃሉ ጥፋቱን በቤተሰቡ ላይ ስለሚጭን አልወደውም። ሰኔ ገብቶ መሬቱ ያልታረሰ፣ ኅዳር ደርሶ እህሉ ያልታጨደ፣ ሌሎቹን ልጆች ለአያታቸው ትቶ የመጣ፣ በሬውን ሸጦ የጨረሰ አባት የተዳከመው አቅሙ ነው።

የቤተሰቡን ሒሳብ አብረን እናስላ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ሪፈሩን ጠብቆ ከመጣ ለአልጋና ለሆስፒታሉ መድኃኒት ይረዳዋል። ከውጭ ፋርማሲ ለሚገዛው፣ ለአውቶቡሱ፣ ለኪራይ ክፍሉ፣ ለአስታማሚዋ ምሳ ግን ከራሱ ኪስ ያወጣል። ፕላትሌት ከተዘጋጀ በኋላ ከአምስት ቀን በላይ ስለማይቆይ በተፈለገ ቁጥር የሚለግስ ሰው መገኘት አለበት፤ ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ በከተማው ዘመድ የለውም። እንግዲህ ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ በነጻ ቢሰጥ እንኳን ወደ ኬሞው የሚወስደው መንገድ በገንዘብ ነው።

ይህ የማይፈታ ነገር አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በሬሲፌ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል ለድሃ ቤተሰቦች ማረፊያ፣ የትራንስፖርት ገንዘብና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሕክምናው አካል ካደረገ በኋላ፣ የሉኪሚያ ሕክምናቸውን የሚያቋርጡ ልጆች ቁጥር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከነበረበት 16 በመቶ ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ልጆችም በእጥፍ ገደማ ጨምረዋል። በእኛም አገር ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው። ያዘኑ ወላጆች መንገዱን ሲጠርጉ ጤና ሚኒስቴርና መድኑ ዳር ቆመው ሊያዩ አይገባም። የአውቶቡስ ትኬት እንደ ቪንክሪስቲን በማዘዣ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ልጁ ከቀጠሮው በቀረ በሦስተኛው ቀን ስልክ የሚደውል አንድ ደመወዝተኛ ሰው በየክፍሉ ይመደብ። ለዚህ ሥራ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም።

ሕክምናው ወደ ቤት ሲወርድ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። በዚህ የማቆያ ምዕራፍ ልጁ መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴትን ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወስዳል። ሁለቱም ትናንሽ ክኒኖች ናቸው። ሜቶትሬክሴትን በስሕተት በየቀኑ መስጠት ልጁን ሊገድለው ይችላል። ማንበብ ለማትችል እናት «በሳምንት አንዴ» ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ «በገበያ ቀን ማታ» ማለት ግን አይረሳም። ክኒኑም በተለየ ቀለም ብልቃጥ፣ የአራት ሳምንቱ ብቻ ተቆጥሮ ይሰጣት።

ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ኬሞ ከተሰጠ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሉ ይወርዳል፤ ጀርም የሚዋጋው ነጭ ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 ሲያንስ ተራ ጀርም በሰዓታት ውስጥ ልጁን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በብብት 38 ካሳየ እስኪነጋ አይጠበቅም። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ጀርሙን አይነካውም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ ደም ስለሚያፈስሱ ኬሞ ላይ ላለ ልጅ ጨርሶ አይሰጡም። ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መግባት አለበት፤ ያ ሰዓት ግን ካርድ ለማውጣት በመሰለፍ ያልቃል። እናቲቱ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው፣ «ይህ ልጅ ኬሞ ላይ ነው፣ ትኩሳት አለው፣ ወረፋ አይጠብቅም» የሚል ማኅተም ያለበት ካርድ ቢኖራት ዘበኛውም ያሳልፋታል።

ስለ ጠበልም ልናገር፤ ሐኪሞች ዝም ሲሉ ቤተሰቡ ይደብቃቸዋልና። ቤተሰቡ ጠበል ቢሄድ መጣላት አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አብሮ መስማማት ይሻላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ማሳሰባቸው ለብዙ ሰው መንገድ ከፍቶ ነበር። ኬሞ ላይ ላለ ልጅም ይኸው ይሠራል፤ ነጭ ሴሉ በወረደበት ሳምንት ያልፈላ ውሃ ከመጠጣት መረጨቱ እንደሚሻል ካህኑም ይረዱታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይድን ልጅ አለ። ያን ጊዜ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ወደ ቤታችሁ ውሰዱት» የሚለው አባባል ከሁሉ ይከፋል፤ ሐሰትም ነው። ሕመሙን ማስታገስ ይቻላልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች ባወጣው መመሪያ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ካልበቃ ቀጥታ ወደ ሞርፊን እንዲኬድ መክሮ ነበር (መመሪያው በ2019 እ.ኤ.አ. ተነስቷል)፤ መለስተኛው ማስታገሻ ኮዴይን በየልጁ ሰውነት የሚሠራበት መጠን ስለሚለያይ አይታመንም። ሕመሙ የማያቋርጥ ከሆነ የሞርፊን ሽሮፕ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪመጣ ተጠብቆ አይደለም። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ያንቀላፋል፤ ይህ ሲያልፍ ብዙ ልጅ ተነስቶ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። ሱስ ያስይዛል ተብሎ ልጅ በሕመም ሲጮህ ማደር የለበትም። ችግሩ ሞርፊኑ የሚወጣው በልዩ ማዘዣ፣ ከትልቅ ሆስፒታል መሆኑና ቤተሰቡ በሚመለስበት ጤና ጣቢያ አለመኖሩ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የሚሰጠው ዓይነት እንክብካቤ ቢያንስ በየዞኑ ሆስፒታል አንድ የሠለጠነ ነርስና አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ይፈልጋል።

ቤተሰቡ የሚያስበው ሌላም ነገር አለ፤ ሐኪም ፊት ግን አያወራውም። ልጁ አዲስ አበባ ቢሞት አስከሬኑን በኪራይ መኪና አገር ቤት ማድረስ ከሕክምናው ወጪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አባት ገና መድኃኒት እያለ «እንሂድ» ይላል። ይህን ፍርሃት ሐኪሙ ቀድሞ ካነሳው፣ መቼ መሄድ እንደሚሻል በቅንነት ከነገረው፣ ቤተሰቡ ያለ ጊዜው አይሸሽም። ጊዜው ሲደርስም ልጁ በሕዝብ አውቶቡስ በእናቱ ጭን ተቀምጦ፣ የወር ሞርፊንና ለጤና ጣቢያው የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ፣ ወንድሞቹን ለማየት ይደርሳል።

እድሮቻችንስ? ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ያመጣሉ፣ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ይህ ሁሉ ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። በብዙ እድሮች ደንብ ለልጅ የሚከፈለው ከአዋቂው ያነሰ ነው። አንዳንዶች ለታመመ አባል ማበደር ጀምረዋል፤ ይህ በየደንቡ ይግባ። ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ በሁለተኛው ወር ለአውቶቡስ ቢከፈል፣ በሰኔ ሁለት ጎረቤት ጥማድ ይዞ የአባትየውን መሬት ቢያርስ፣ አባት ከልጁ አልጋ አጠገብ ይቆያል።

ከቀብሩ በኋላ ሰው «እግዜር ይተካ» ይላል። ለዚያች እናት የሄደው ልጇ በሌላ አይተካም፤ አንደበቷ «አሜን» ቢልም ልቧ ይቆስላል። ቤት የቀሩት ልጆች «አዲስ አበባ ነው፣ ይመጣል» ተብለው ይታለላሉ፤ ከዚያም በልቅሶው መሐል ከሌላ ልጅ ይሰማሉ። እውነቱን ከእናት ወይም ከአባት አፍ፣ በቀጥታ ቃል፣ ሞተ ተብሎ ሊሰሙት ይገባል። ቀድሞ ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው ከነበረ በእነሱ ጥፋት እንዳልሞተም ይነገራቸው፤ ትንሽ ልጅ ይህን ያስባልና።

ከተዝካሩ በኋላ ደግሞ ለወራት አንድ ጥያቄ እናትን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል፤ «ቶሎ አምጥቼው ቢሆንስ? ያን ቀን ያን ባላበላው ኖሮ?» ጎረቤት «ተይው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ቢላት አያሳርፋትም። ይህን በሽታ ምግብ እንዳላመጣው፣ ቡዳ እንዳልነካው፣ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ሐኪምንም እንደሚያሳስቱ ሊነግራት የሚችለው መቅኔውን ያየ፣ ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሐኪም ወይም ያቺ ሲስተር ከአርባው በኋላ አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ስልክ ይደውሉላት።